ትንሿ ፓራሹትና የደጋው ስስ አየር

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ስለ ቁሶች አወዳደቅ በማስተምርበት ክፍል፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አነሣና «መምህር፣ የደብረ ማርቆስ አየር ስስ ነው ይባላል፤ ታዲያ እዚህ በፓራሹት የሚዘል ሰው ከቆላው ሰው የበለጠ ሰፊ ፓራሹት አያስፈልገውምን?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በፊት በሌላ ሀገር ሌላ ሰው ጠይቆኝ ስለ ነበርና ያኔ የሰጠሁት መልስ የተሳሳተ ስለ ነበር። ስህተቴ በወረቀት ላይ አልቀረም፤ የወዳጄ አንገት ላይ አረፈ።

የተማሪዬ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሁለት ነው። ሰውየውን ተሸክሞ ወደ መሬት ለሚያወርደው ለዋናው ፓራሹት መልሱ «አዎን፣ ያስፈልገዋል» ነው። ዋናውን ፓራሹት ከጀርባ ማኅደሩ ጎትታ ለምታወጣው ለትንሿ ፓራሹት ግን መልሱ «አያስፈልገውም» ይሆናል። አየሩ ያው አየር፣ ሰውየውም ያው ሰውዬ ሆኖ ሳለ መልሱ ለምን ሁለት ሆነ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ማስረዳት፣ በዚያውም ያረጀች ትንሽ ፓራሹት በሌላ ስትተካ ምን ምን ሊታይ እንደሚገባ ማመልከት ነው።

ከአውድማው እንጀምር

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ፓራሹት ለመረዳት ፓራሹት ማየት የግድ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ በጎጃም አውድማዎች ላይ የሚደረገውን ማየት ይበቃል። ገበሬው የተወቃውን እህል በመንሽ ወደ ላይ ሲበትነው ፍሬው ቶሎ ወርዶ ከእግሩ ሥር ይከመራል፤ ገለባው ግን እየተንሳፈፈ በነፋሱ ይወሰዳል። ምድር ሁለቱንም በአንድ ሕግ ትስባቸዋለች። ልዩነቱን ያመጣው አየሩ ነው። ፍሬው ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፤ ገለባው ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

የሚወድቅ ማንኛውም ነገር ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር አየሩ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይልም ይጨምራል። ይህ የአየር መከላከል ከነገሩ ክብደት ጋር እኩል የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ አይጨምርም። ይህንን የመጨረሻ ፍጥነት እንለዋለን። በሆዱ ወደ መሬት ተኝቶ፣ እጅና እግሩን ዘርግቶ የሚወድቅ ሰው በዝቅተኛ ቦታ የመጨረሻ ፍጥነቱ በሴኮንድ 54 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሰዓት ከ190 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

የአየር መከላከሉን የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፤ የአየሩ እፍጋት፣ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ፣ የአካሉ ስፋት እና ቅርጹ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድነት ተባዝተው ለሁለት ሲካፈሉ የሚገኘውን መጠን በዚህ ጽሑፍ «የነፋስ ግፊት» እለዋለሁ፤ በየአንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የሩጫው ነፋስ ጫና ማለት ነውና። በክረምት ማዕበል ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ሁሉ ይህንን ግፊት በክንዱ ያውቀዋል። አንባቢ ይህችን ሐረግ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እርሷ ናት።

የትንሿ ፓራሹት ሥራ

ለስፖርት የሚዘል ሰው በጀርባው የሚሸከመው ማኅደር ሁለት ፓራሹቶች ይዟል፤ ዋናውንና መጠባበቂያውን። ዋናው በከረጢት ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ማኅደሩም በአንዲት የብረት ፒን ተቆልፏል። ዘላዩ ፓራሹቱን ለመክፈት ሲፈልግ ከማኅደሩ ግርጌ ካለች ኪስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክብ ፓራሹት ስቦ ወደ ጎን ወደ ነፋሱ ይጥላታል። ዘላዮች ፓይለት ሹት ይሏታል። የወርዷ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 91 ሳንቲ ሜትር ነው። በነፋሱ ተነፍታ ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝመውን ማገናኛ ጥብጣብ ትወጥራለች፤ ጥብጣቡ ፒኗን ይነቅላል፤ ከረጢቱ ይወጣል፤ ገመዶቹ ተራ በተራ ይዘረጋሉ፤ በመጨረሻም ዋናው ጨርቅ ነፋስ ይሞላል። ከጥልቅ ጉድጓድ ከባድ ገመድ ለማውጣት አስቀድሞ ቀጭን ሲባጎ እንደሚላክ፣ ትንሿም ታላቁን ትስባለች። በእጅ የምትጣለውን ይህችን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ቢል ቡዝ ነው።

ትንሽ ናት ተብላ የምትናቅ አይደለችም። በኅዳር 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1959) የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን ጆሴፍ ኪቲንገር ከ23,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለ ባሉን ሲዘል፣ ሰውነቱን እንድታረጋጋለት የተዘጋጀችው አነስተኛ ፓራሹት ያለ ጊዜዋ ወጣችና ገመዷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። በደቂቃ 120 ጊዜ ያህል እየተሽከረከረ ራሱን ሳተ፤ ሕይወቱን ያተረፈው በራሱ የተከፈተው የአደጋ ጊዜ ፓራሹት ነበር። በነሐሴ ወር በዚያው 1952 ዓ.ም. ከ31,300 ሜትር ሲዘል ግን ይህችው አነስተኛ ፓራሹት ሥራዋን በሚገባ ስለ ፈጸመች በሰላም ወረደ። የሰውየው ድፍረት በሁለቱም ጊዜ አንድ ነበር፤ የተለየው የትንሿ ፓራሹት አወጣጥ ነው።

በሀገራችን ሰማይ

ፓራሹት ለኢትዮጵያ ደጋ እንግዳ አይደለም። በ1922 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1930) ትውልዱ ትሪኒዳድ የሆነው፣ በኒው ዮርክ ሃርለም በፓራሹት ዝላዩ ስሙ የገነነው ሂዩበርት ጁሊያን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ከአውሮፕላን ዘሎ ወረደ፤ የኮሎኔልነት ማዕረግም አገኘ። ከዘውዱ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ ከንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላኖች አንዷን አብርሮ በመስበሩ ግን ከሀገር ወጣ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ዝላዩ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከደብረ ማርቆስ ብዙም አይርቅምና ጁሊያን የወረደው እኛ በምንተነፍሰው ዓይነት ስስ አየር ውስጥ ነበር።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የአየር ወለድ ጦር ተቋቁሞ በደብረ ዘይት (በዛሬዋ ቢሾፍቱ) መሠልጠን ጀመረ። የአየር ወለድ ወታደር ፓራሹት የሚከፈተው በትንሿ ፓራሹት ሳይሆን ከአውሮፕላኑ ውስጥ በታሰረ ገመድ ነው፤ የሚስበው አውሮፕላኑ ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በዚያ የሠለጠኑት ወታደሮች ዝቅ ባለ የባሕር ዳርቻ ከሚሠለጥን የሌላ ሀገር ጓዳቸው በበለጠ ፍጥነት መሬት እየነኩ ነው ያደጉት።

በ1977ቱ የረኃብ ዘመን የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች በሰሜኑ ደጋ እህል ሲጥሉ ፓራሹት አለመጠቀማቸውንም እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በእጥፍ ጆንያ የታሸገው እህል ከአውሮፕላኑ የሚለቀቀው መሬት ለመንካት ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩ ነበር። በፓራሹት የሚወርድ ጭነት በደጋው ነፋስ ተወስዶ ገደል ይገባል፤ ፓራሹቱም ውድ ነው። አንዳንድ ጊዜ ለጥያቄው የተሻለው መልስ ፓራሹቱን መተው እንደሆነ ይህ ያስተምራል።

የተሳሳተው ስሌቴ

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። በውጭ ሀገር የዶክትሬት ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ በአንድ ቤተ ሙከራ አብሮኝ የሚሠራ ወዳጅ ነበረኝ፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ከአውሮፕላን ይዘላል። ማኅደሩን የገዛው ከሌላ ዘላይ እጅ ነበር። የሚዘልበት ሜዳ ከባሕር ወለል እምብዛም የማይርቅ ነው። በዚያ ዓመት ግን ከባሕር ወለል ሁለት ሺህ ሜትር ከፍ ወዳለ ተራራማ ስፍራ ለመሄድ አቅዶ ነበር።

አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ «ፓይለት ሹቴ አርጅታለች፤ ሰሞኑን ከወረወርኋት በኋላ አንድ ሁለት ሴኮንድ እየዘገየች ነው የምትስበው። ምትክ ልገዛ ነው። ያሁኗ 76 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ተራራው ላይ ስትሄድ ምን ያህል ልትሰፋ ይገባል? አንተ የተራራ ሰው ነህ፤ ደግሞም ፊዚክስ ታውቃለህ» አለኝ።

ወረቀት አወጣሁ። የተራራው አየር እፍጋት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኃይሉ እንዳይቀንስ ስፋቱ በሲሶ ያህል ይጨምር። ስፋቱ በሲሶ ሲጨምር ወርዱ ከ76 ወደ 88 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በገበያ ከዚያ ቀጥላ የምትገኘው 91 ሳንቲ ሜትር ናት፤ እርሷን ግዛ አልሁት። ስሌቱ ንጹሕ ይመስል ነበር፤ በራሴም ኮራሁ።

ወዳጄ በተራራው በመጀመሪያው ዝላይ ፓራሹቱ እጅግ በኃይል ተከፈተበት። ጭንቅላቱ ወደ ፊት ተወርውሮ የአንገቱ ጡንቻዎች ተጎዱ፤ ለሦስት ሳምንታት የአንገት ድጋፍ አድርጎ ወደ ቤተ ሙከራው ይመጣ ነበር። አልወቀሰኝም። በየማለዳው በዚያ ድጋፍ ላይ አንገቱን ማዞር አቅቶት በሙሉ ትከሻው ዞሮ «እንደምን አደርህ» ሲለኝ ግን ወቀሳው ይሰማኝ ነበር።

ስሌቱ የሳተው የት ላይ ነው?

ስህተቱ በማባዛትና በማካፈል ላይ አልነበረም። እፍጋቱን ስቀንስ ፍጥነቱን እንዳለ ትቼው ነበር። በነጻ የሚወድቅ ሰው ግን በስስ አየር ውስጥ በዚያው ፍጥነት አይወድቅም።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው። በመጨረሻ ፍጥነቱ የሚወድቅ ሰው ላይ የአየር መከላከሉ ከክብደቱ ጋር እኩል ነው ብለናል። የሰውየው ክብደት በደብረ ማርቆስም በምጽዋም ያው ነው፤ የሰውነቱ ስፋትና ቅርጽም ያው ነው። እንግዲያው ክብደቱን ለመሸከም የሚያስፈልገው የነፋስ ግፊትም ያው መሆን አለበት። አየሩ ሲሳሳ ሰውየው የጎደለውን በፍጥነት ያካክሳል።

በቁጥር እንየው። ማኅደሩን ጨምሮ 90 ኪሎ የሚመዝን ዘላይ ከባሕር ወለል አጠገብ፣ የአየሩ እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 1.225 ኪሎ ግራም በሆነበት፣ በሴኮንድ 54 ሜትር ይወድቃል እንበል። የነፋሱ ግፊት በካሬ ሜትር 1,786 ኒውተን ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,446 ሜትር ላይ ናት፤ በለዘብተኛ ቀን የአየሯ እፍጋት 0.91 ገደማ ነው። በዚህ አየር ውስጥ ያው ዘላይ በሴኮንድ 62.6 ሜትር ይወድቃል። የነፋሱ ግፊት ግን አሁንም 1,786 ነው። (ፓራሹት የሚከፈተው ከመሬት አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሆነ በዚያ ያለው እፍጋት በሁለቱም ቦታ ከዚህ ያንሳል፤ ንጽጽሩ ግን እምብዛም አይለወጥም።)

ዘላዩ ትንሿን ፓራሹት ወደዚህ ነፋስ ሲጥላት እርሷ የምታውቀው ግፊቱን ብቻ ነው። ወርዷ 76 ሳንቲ ሜትር፣ የቅርጿ መለኪያ 0.6 ቢሆን የምትስበው 50 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ያህል፣ ማለትም ግማሽ ኩንታል ጤፍ የማንሣት ኃይል አላት። ይህም በምጽዋም በደብረ ማርቆስም ያው ነው። 91 ሳንቲ ሜትር የሆነችው ግን ስፋቷ በ43 በመቶ ስለሚበልጥ ከ70 ኪሎ በላይ ትስባለች። ከረጢቱን ከሚገባው በላይ በኃይል ስትነጥቀው ገመዶቹ በሥርዓት ሳይዘረጉ በአንድ ላይ ሊፈሱ፣ የዋናው ፓራሹት መካከለኛው ክፍል ከዳርና ዳሩ ቀድሞ ሊሳብና አከፋፈቱ ሊዛባ ይችላል።

በዚህ ላይ የተራራው ፍጥነት ራሱ ይጨመራል። ፓራሹት እስኪሞላ ድረስ የሚጓዘው ርቀት በየትኛውም ከፍታ ተቀራራቢ ነው፤ በሴኮንድ 62 ሜትር የሚጓዝ ሰው ያንን ርቀት የሚጨርሰው በአጭር ጊዜ ስለሆነ ንዝረቱ ይከብዳል። እኔ ደግሞ በከበደው ላይ ሰፊ ፓይለት ሹት ጨመርሁበት።

ከአውሮፕላን ወጥቶ ወዲያውኑ ለሚከፍት ሰውስ? እዚህም ደንቡ አይለወጥም። አውሮፕላኑን በአየር ላይ የሚያቆመው ያው የነፋስ ግፊት ስለሆነ፣ አብራሪው የሚያየው የፍጥነት መለኪያም በእርግጥ የሚለካው ግፊቱን ስለሆነ፣ በመለኪያው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲነበብ ትንሿ ፓራሹት የምታገኘው ግፊትም አንድ ዓይነት ነው።

ደንቡ የማይሠራበት ሁኔታ

ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባምና ልዩ የሆነውን ልጥቀስ። ከባሉን፣ በአየር ላይ ከቆመ ሄሊኮፕተር ወይም ከገደል የሚዘል ሰው ፍጥነቱ የሚጀምረው ከዜሮ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ፍጥነቱን የምትወስነው ምድር እንጂ አየሩ አይደለም፤ ስለዚህ በስስ አየር ውስጥ ለተመሳሳይ ፍጥነት የሚያገኘው ግፊት በእርግጥ ያንሳል። ያ የመጀመሪያው ስሌቴ እውነት የሚሆነው እዚህ ነው።

ለምሳሌ በባሕር ወለል አጠገብ በሴኮንድ 20 ሜትር ለመድረስ 20 ሜትር ያህል መውደቅ ይበቃል፤ በዚህ ጊዜ 76 ሳንቲ ሜትሯ ፓራሹት የምትስበው ሰባት ኪሎ ያህል ብቻ ነው። በደብረ ማርቆስ አየር ውስጥ ይህንኑ ሰባት ኪሎ ለማግኘት በሴኮንድ 23.2 ሜትር መድረስ፣ ለዚያም ከ27 ሜትር በላይ መውደቅ ያስፈልጋል። ከገደል የሚዘሉ ሰዎች እስከ 122 ሳንቲ ሜትር የሚደርሱ ትላልቅ ፓይለት ሹቶች የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው። ከደጀን አፋፍ ቆሞ የዓባይን ሸለቆ የሚያይ ሰው ነገሩን በዓይነ ሕሊናው ሊስለው ይችላል። ይህንን ማለቴ ግን ማንንም ወደ አፋፉ ለመጋበዝ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ምትክ ሲመረጥ ምን ይታይ?

የወዳጄን አሮጌ ፓይለት ሹት በመጨረሻ የመረመራት ፓራሹት የሚፈትሽና የሚጠግን፣ የምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ ነበር። ስሌት አላወጣም፤ ሜትር አውጥቶ ለካ። ያገኘውን ከመናገሬ በፊት ሊታዩ የሚገባቸውን ነገሮች በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ መጠን። የማኅደሩና የዋናው ፓራሹት ሠሪ የወሰነውን መጠን መጠበቅ ይገባል። ያነሰች እንደሆነ ፒኗን መንቀል ወይም ከረጢቱን ማንሣት አቅቷት በኋላ ትንጠለጠላለች፤ ይህ ከአደገኛ ብልሽቶች አንዱ ነው። የበለጠች እንደሆነ መዘዙን ከላይ አይተናል።

ሁለተኛ፣ ጨርቅ። አንዳንዱ ናይለን አየር በጥቂቱ ያሳልፋል፤ በዕድሜና በአገልግሎት ብዛት ደግሞ የሚያሳልፈው እየጨመረ ይሄዳል፤ ያኔ ወርዷ ሳይለወጥ ጉልበቷ ይቀንሳል። ሌላው በሲሊኮን የተቀባና አየር የማያሳልፍ ነው፤ በአነስተኛ ስፋት ተመሳሳይ ኃይል ይሰጣል። ስለዚህ አሮጌዋ ከአንዱ ጨርቅ የተሠራች ሆና አዲሷ ከሌላው ከሆነች ወርዳቸውን በቁጥር ብቻ ማመሳሰል ያሳስታል።

ሦስተኛ፣ ስፌት። ጨርቁን የሚያጠናክሩት ጥብጣቦችና ከታች ያለው መረብ በአራቱም አቅጣጫ እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ወገን ካጠረ ትንሿ ፓራሹት ቀጥ ብላ በመሳብ ፈንታ እየዞረች ትዋልላለች።

አራተኛ፣ የማክሰሚያው ገመድ። ዋናው ፓራሹት ከተከፈተ በኋላ ትንሿ ተነፍታ ከቀረች በኋላው እየተጎተተች በረራውን ታውካለች። ስለዚህ በማገናኛው ጥብጣብ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ገመድ አናቷን ወደ ታች ስቦ ያከስማታል። ዘላዩ ፓራሹቱን በሚያጥፍበት ጊዜ ሁሉ ይህንን ገመድ ስቦ ወደ ቦታው መመለስ ይኖርበታል፤ ከረሳ የጣላት ፓራሹት ሳይሆን የጨርቅ ቁራጭ ትሆናለች። ከዚህ የሚብሰው ግን ገመዱ በየዝላዩ ሰበቃ እየሞቀ ቀስ በቀስ የሚያጥር መሆኑ ነው። ያጠረ ገመድ ዘላዩ በሚገባ አዘጋጅቶትም እንኳ አናቷን ወደ ታች ይይዛታል፤ በሙሉ ወርዷም አትነፋም።

አምስተኛ፣ የጥብጣቡ ርዝመት። የሚወድቅ ሰው ከጀርባው የሚረበሽ አየር ጥሎ ይሄዳል፤ በድልድይ ምሰሶ ኋላ ውኃ እንደሚሽከረከር ማለት ነው። ጥብጣቡ ትንሿን ፓራሹት ከዚህ ረባሽ አየር አሳልፎ ንጹሕ ነፋስ ውስጥ ማድረስ አለበት።

ስድስተኛ፣ እጀታዋና ኪሷ። ለኪሱ የበዛች ፓራሹት ተጨናንቃ እምቢ ትላለች፤ የሳሳች እንደሆነ ደግሞ ያለ ጊዜዋ ልትወጣ ትችላለች። እጀታዋም ጓንት ያደረገ እጅ ሳያይ የሚያገኛት መሆን ይገባታል።

ባለሙያው በወዳጄ ፓይለት ሹት ላይ ያገኘው አራተኛውን ነው። የማክሰሚያው ገመድ በጥቂት ሳንቲ ሜትሮች አጥሮ ነበር። ጨርቁም አርጅቷል። ወዳጄ በባሕር ዳርቻው ሜዳ ያየው መዘግየት የመጣው ከዚህ ነው። እኔ ግን ያንን መዘግየት ሰምቼ አልፌው፣ ስላልተከሰተው የተራራ ችግር ስሌት አወጣሁ። ነገሩ የጀመረው ገና ተራራውን ሳይረግጥ መሆኑ ብቻውን ጥፋቱ ከአየሩ እንዳልሆነ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ወዳጄ በኋላ የገዛት አዲሷ ፓይለት ሹት 76 ሳንቲ ሜትር ነበረች፤ በዚያው ተራራ ላይ ያለ አንዳች እክል አገልግላዋለች።

ደጋው ዋጋውን የሚጠይቀው የት ነው?

አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው የደጋው አየር ለዘላይ ምንም ለውጥ አያመጣም» እንዳይል እሰጋለሁ። ለውጡ አለ፤ የሚታየው ግን በሌላ ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ትንሿ ፓራሹት አንድ ሴኮንድ በዘገየች ቁጥር በባሕር ወለል አጠገብ 54 ሜትር ይባክናል፤ እዚህ ከ62 ሜትር በላይ ይባክናል። ስለዚህ በደጋ የሚዘል ሰው ያጠረ ገመድ ወይም ያረጀ ጨርቅ የሚታገሥበት ምክንያት ከቆላው ሰው ያነሰ ነው።

ሁለተኛውና ዋነኛው ማረፊያው ነው። ከባሕር ወለል አጠገብ በሴኮንድ 6.7 ሜትር የሚያወርድ ክብ ፓራሹት እንውሰድ። በዚህ ፍጥነት መሬት መንካት ከ2.3 ሜትር ግንብ ላይ እንደ መዝለል ነው። በደብረ ማርቆስ ያው ፓራሹት ያንኑ ሰው በሴኮንድ 7.8 ሜትር ያወርደዋል፤ ይህም ከ3.1 ሜትር ግንብ እንደ መዝለል ይቆጠራል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚቀበሉት የእንቅስቃሴ ጉልበት በ35 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 4,100 ሜትር ገደማ በሚደርሰው በጮቄ ተራራ አናት ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ይበልጣል። እዚህ ላይ ግፊቱ ያው ነው ብሎ መጽናናት አይቻልም፤ አጥንት የሚሰብረው የነፋሱ ግፊት ሳይሆን ሰውየው ወደ መሬት የሚመጣበት ፍጥነት ነውና። በባሕር ወለል ፍጥነት ለማረፍ የሚፈልግ ሰው ስፋቱ በሲሶ የሚበልጥ ዋና ፓራሹት ሊይዝ ይገባዋል። ተማሪዬ የጠየቀው ይህንን ከሆነ ፍጹም ትክክል ነው።

ለማጠቃለል

ከዚህ ታሪክ ለተማሪዎቼ የማስተላልፈው አንድ ልማድ ነው። ስሌት ከመጀመራችን በፊት «ይህ ሲለወጥ ምን ይለወጣል? ሳይለወጥ የሚቀረውስ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። እኔ ፍጥነቱ የማይለወጥ መስሎኝ ነበር፤ የማይለወጠው ግፊቱ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎም መለካት የሚቻለውን ነገር ሳይለኩ ማስላት እንደማይገባ፣ ሜትር ይዞ የመጣው ባለሙያ አስተምሮኛል።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት፣ ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ከአውሮፕላን በር ላይ ቆሞ ትጥቅ ማጥበቅ አይቻልም፤ የማክሰሚያው ገመድ የሚለካው፣ ጨርቁ የሚታየው፣ ፒኗ የምትፈተሸው መሬት ላይ ሆኖ፣ በእርጋታ ነው። ያ ተማሪዬ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከሱቅ የገዛውን የላስቲክ ከረጢት በአራት ሲባጎ አስሮ፣ ድንጋይ አንጠልጥሎበት መጣ። ከፎቁ ላይ ጥለን በሰዓት ለካነው። በቀጣዩ ዕረፍት ያንኑ ከረጢትና ያንኑ ድንጋይ ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ከድልድዩ አካባቢ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ከተመሳሳይ ቁመት እንዲጥለው ነግሬዋለሁ። ስሌቱ በሞቃቱ በረሃ ከደብረ ማርቆስ ይልቅ በ6 በመቶ ያህል ዘግይቶ መውረድ አለበት ይላል። እስኪመለስ ድረስ የምጠብቀው ከረጢቱ ምን እንደሚል ነው።